ለገቢዎች ድኃ፣ ለኤምባሲ ሀብታም

የቪዛ ማመልከቻ ከሚቀበሉ ቢሮዎች ደጃፍ አንድ ጠዋት ቆሞ ለታዘበ ሰው የመርካቶው ነጋዴ በቀላሉ ይለያል። የሚለየው በልብሱ ሳይሆን በብብቱ ባቀፈው ክላሰር ነው። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የንግድ ምክር ቤት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከውጭው ኩባንያ የመጣ ግብዣ፤ ሁሉም ተተርጉሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ኮፒው ተነስቶ ተደርድሯል። ሃያ ዓመት የተሠራበት ሱቅ በአንድ ክላሰር ተጣጥፎ ገብቷል ማለት ይቻላል። ከሳምንታት በኋላ ፓስፖርቱ ሲመለስ ግን ውስጡ ያለው አንዲት ቅጽ ናት። ከተደረደሩት ሳጥኖች በአንዱ ላይ ምልክት ተደርጓል። የጉዞው ዓላማ በበቂ ማስረጃ አልተደገፈም፤ ወይም አመልካቹ ቪዛው ሲያበቃ ይመለሳል ብሎ ለማመን ያስቸግራል። የተከፈለው ገንዘብ አይመለስም።

ይህን የሰማ የገበያ ሰው የሚሰጠው ትርጓሜ የታወቀ ነው። «ዕድል ነው» የሚል አለ። «ሰውዬው በግራ ጎኑ ተነስቶ ይሆናል» የሚል አለ። «ጥቁር ስለሆንን ነው» ብሎ የሚደመድመውም ጥቂት አይደለም። ጉዳይ አስፈጻሚው ደግሞ «በእኔ በኩል ቢያስገቡ ኖሮ» ይላል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ጥቂት እውነት ይኖር ይሆናል። ይሁንና ለነጋዴውም ሆነ ለባለሀብቱ የሚጠቅመው ማንም ደፍሮ ሊናገረው የማይወደው ምክንያት ነው። በክላሰሩ ውስጥ ያሉት ወረቀቶች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

እንበልና አንድ የጨርቃ ጨርቅ አስመጪ ባለፈው ዓመት ያተረፈው 300 ሺህ ብር ብቻ መሆኑን አሳውቆ ግብሩን ከፍሏል። ይኸው ሰው ማሽን ለማየት ለአሥር ቀን ወደ ጣሊያን ለመሄድ ሲያመለክት የሚያቀርበው የባንክ መግለጫ 4 ሚሊዮን ብር ያሳያል። አብዛኛው ገንዘብ የገባው ማመልከቻው ሊቀርብ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በአንድ ቀን ነው። ለቪዛ ሹሙ ጥያቄው ቀላል ነው። ገንዘቡ የሰውየው ከሆነ ግብር ሰብሳቢው እንዴት ሳያየው ቀረ? የሰውየው ካልሆነ ደግሞ ጉዞውን በምን ሊሸፍን ነው? በየትኛውም መልስ አመልካቹ ይወድቃል። ሹሙ የሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልገውም፤ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃዋል።

ያ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ገበያው ያውቃል። «ጋሼ፣ ስቴትመንቱ ቀጭን ነው፤ ትንሽ ይወፍር» ይላል ጉዳይ አስፈጻሚው። «ግድ የለህም፣ ከወንድሜ ላይ አዞራለሁ» ይላሉ ነጋዴው። ገንዘቡ ይገባል፣ ወረቀቱ ይታተማል፣ በማግስቱ ገንዘቡ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ወረቀቱን የሚመረምሩት ሰዎች ግን ከታች የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አያዩም። የወራቱን እንቅስቃሴ ነው የሚያዩት። በየሳምንቱ ሽያጩን ወደ ባንክ የሚያስገባ፣ ዕቃ የሚከፍልበት፣ ደመወዝ የሚያወጣበት ሂሳብ ሚሊዮን ባይሞላም ይናገራል። ለስድስት ወር ተኝቶ በአንድ ቀን የወፈረ ሂሳብም እንዲሁ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን በባለቤቱ ላይ ነው።

ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ለዓመታት ዶላር በባንክ ሲጠየቅ ወረፋው ወራት የሚፈጅ ነበር። ወረፋውን መጠበቅ ያልቻለው ዕቃውን በፍራንኮ ቫሉታ ሲያስገባ፣ ወይም ጓንዡ ላለው አቅራቢ በሌላ ሰው እጅ ሲያስከፍል ኖሯል። በዚህ መንገድ የተገዛ ዕቃ እውነተኛ ደረሰኝ የለውም፤ ቢኖረውም የትም ሊታይ አይችልም። እውነተኛውን ሽያጭ ያሳወቀው ነጋዴ በጎረቤቱ ፊት እንደ ሞኝ የሚታይበት፣ ዝቅ አድርጎ ያሳወቀውም ቢሆን በግምት የሚጫንበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የባንኩ መንገድ ከቀድሞው ሰፍቷል። የሃያ ዓመት ልማድ ግን በአንድ መመሪያ አይሻርም። ነጋዴው ዛሬ በባንክ መሥራት ቢጀምር እንኳ ቆንስላው የሚጠይቀው ያለፈውን ነው።

የምንዛሪው ለውጥ በቪዛው ዋጋ ላይ ያደረሰው ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የሼንገን ቪዛ ክፍያ ለአዋቂ ሰው 80 ዩሮ ነበር። ከጁን 11 ቀን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሆነ። በዩሮ ሲታይ ጭማሪው ከ13 በመቶ አያልፍም። ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም በነበረበት ጊዜ 80 ዩሮ 5 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ብር ከተንሳፈፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ 90 ዩሮ ከ10 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ብራስልስ 10 ዩሮ ስትጨምር አዲስ አበባ ላይ ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የትርጉም ክፍያ፣ የማመልከቻ ማዕከሉ አገልግሎትና የጉዳይ አስፈጻሚው ድርሻ ሲደመርበት፣ ቪዛውን ማግኘቱን ሳያውቅ ነጋዴው የሚያወጣው ገንዘብ የአንድ ወር የሱቅ ረዳት ደመወዝ ያልፋል። ይህ ወጪ ከጉምሩክ ቀረጥ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ቀረጥ የከፈለ ዕቃውን ያወጣል፤ የቪዛ ክፍያ የከፈለ ግን ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል።

ከክፍያው የከበደው ግን ጊዜው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ልዩ እርምጃ ወሰነ። የውሳኔ መስጫው መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። አባል አገሮች ለሚያውቁት አመልካች አንዳንድ ማስረጃዎችን በይሁንታ የሚያልፉበት ሥልጣን ታገደ። የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት የያዙ ሰዎችን ከክፍያ ነጻ ማድረግ ቀረ። ደጋግሞ የሚያስገባው መልቲፕል ቪዛም አይሰጥም ተባለ።

45 ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ የአበባ ላኪዎች ሳይሻሉ አይቀሩም የሚያስረዱት። የኢትዮጵያ አበባ አብዛኛው የሚሸጠው በኔዘርላንድ በኩል ነው። በአምስተርዳም አካባቢ የሚካሄዱት ትልልቅ የአበባ ንግድ ትርዒቶች የሚውሉት በየዓመቱ በኖቬምበር መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወደኋላ 45 ቀን ሲቆጠር ማመልከቻው መስቀል ሳይደርስ መግባት አለበት። ቀጠሮ ለማግኘት የሚፈጀው ሲጨመርበት ሰውየው ክላሰሩን ማዘጋጀት ያለበት በነሐሴ፣ በዝናቡ ነው። በነሐሴ ደግሞ ገዢው ገና ግብዣውን አልላከም፤ የሆቴሉ ዋጋ አልታወቀም፤ የእርሻው የዓመት ሒሳብም አልተዘጋም። ደንቡ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማመልከት ይፈቅዳል። ስድስት ወር ቀድሞ ግን ገበያው ራሱ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ማን ነው?

ስለ መልቲፕል ቪዛው ብዙ አልተነገረም፤ ለነጋዴ ግን ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። የሼንገን ደንብ የራሱ የብድር ታሪክ አለው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቪዛ ወስዶ በሕጉ መሠረት የተጠቀመ ሰው የአንድ ዓመት መልቲፕል ያገኛል። ያን በአግባቡ ከተጠቀመ የሁለት ዓመት፣ ቀጥሎም የአምስት ዓመት ይሰጠዋል። ብድሩን በወቅቱ የመለሰ ደንበኛ ገደቡ እንደሚሰፋለት ሁሉ በጊዜው የተመለሰ ተጓዥም እምነት ያተርፋል። የ2024ቱ ውሳኔ የዘጋው ይህን መሰላል ነው። አሥር ጊዜ ሄዶ አሥር ጊዜ የተመለሰው የቆዳ ነጋዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያመለክተው ሰው እኩል ተሰለፈ። ባንክ ቢሆን ደንበኛው ሂሳቡን ዘግቶ ወደ ጎረቤት ባንክ ይሄድ ነበር። ፓስፖርት ግን እንዲህ በቀላሉ አይቀየርም።

ይህ ሁሉ የመጣው ነጋዴው በሠራው ጥፋት አይደለም። የተሰጠው ምክንያት በአውሮፓ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ለይቶ በመቀበልና የመመለሻ ሰነድ በመስጠት ረገድ መንግሥት በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። ሁለቱ ወገኖች በአሠራሩ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ተስማምተው ነበር። በሥራ ላይ በመዋሉ ግን ሳይግባቡ ቀሩ። ዕዳው የመንግሥታት ነው፤ ወለዱን የሚከፍለው ግን ማሽን ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሆነ። መንግሥት ዜጎቹን በጅምላ ተረክቦ ለማምጣት አለመቸኮሉ የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የሚመለሱት ሰዎች ምን ይጠብቃቸዋል የሚለው ጥያቄም ቀላል አይደለም። ነገር ግን በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ የነጋዴው ኪሳራ ተቆጥሮ መቅረብ ነበረበት። ስንት የንግድ ትርዒት አመለጠ? ስንት የማሽን ግዢ ዘገየ? ይህን ቆጥሮ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚያቀርብ ካልተገኘ ተደራዳሪው ምን ይዞ ይከራከራል?

በሩ ተዘግቶ የሚቀር አለመሆኑን የጋምቢያ ነገር ያሳያል። በተመሳሳይ ምክንያት በጋምቢያውያን ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ተመሳሳይ እርምጃ ተወሰደ። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ክፍያው ወደ 120 ዩሮ ከፍ እንዲል ተደረገ። በኤፕሪል 2024፣ የኢትዮጵያው ውሳኔ በወጣበት ወር መሆኑ ነው፣ ጋምቢያ ትብብሯን አሻሽላለች ተብሎ የክፍያው ጭማሪ ተነሳላት። ብራስልስ ቪዛን እንደ ቧንቧ መክፈቻ ነው የያዘችው ማለት ነው፤ ትጠብቃለች፣ ታላላለች።

አሜሪካም በዚያው መንገድ ሄዳለች። የንግድና የጉብኝት ቪዛ ማመልከቻ ክፍያው በ2023 ከ160 ወደ 185 ዶላር ከፍ ብሎ ነበር። በጁላይ 2025 ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የዚህ ዓይነት ቪዛ በአንድ ጊዜ መግቢያና በሦስት ወር የአገልግሎት ጊዜ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት በአንድ ክፍያ ለሁለት ዓመት የሚመላለሰው ሰው ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጉዞ እንደ አዲስ ሊከፍልና ሊጠየቅ ነው።

ነጋዴው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ቢያዞር የሚያስደንቅ አይደለም። ከመርካቶ የተነሳ ሰው ዱባይ ለመግባት ክላሰር አይሸከምም፤ ቪዛው በአየር መንገድ፣ በሆቴል ወይም በጉዞ ወኪል በኩል ይወጣል። ይህም ቢሆን እያደር ጠንክሯል። በ2024 መጨረሻ ዱባይ የሆቴል ቦታ መያዣና የመመለሻ ቲኬት ከማመልከቻው ጋር አብሮ እንዲቀርብ መጠየቅ ስትጀምር ብዙ ወኪሎች ተደናግጠው ነበር። ለነጋዴው ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። ዱባይ የምትጠይቀው «ትመለሳለህ ወይ?» ብላ ሳይሆን «ስንት ይዘህ መጣህ?» ብላ ነው። በነጻ የንግድ ቀጠና ፈቃድ ያወጣ የመኖሪያ ቪዛ ያገኛል። በሁለት ሚሊዮን ድርሃም ቤት የገዛ የአሥር ዓመቱን ወርቃማ ቪዛ መጠየቅ ይችላል። የቪዛ ሰቀቀን የሰለቸው ነጋዴ ፈቃዱን እዚያ ያወጣል፣ ሂሳቡን እዚያ ይከፍታል፣ ቀስ በቀስም ትርፉን እዚያ ያስቀምጣል። አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ሊሠራበት የነበረው ገንዘብ ዴራ ላይ መጋዘን ይከራይበታል። የካፒታል ሽሽት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው በሻንጣ የሚወጣ ዶላርን ነው፤ በቪዛ ምክንያት በሕጋዊ መንገድ የሚወጣውን የሚቆጥረው የለም።

የቻይናው ትምህርት ደግሞ በወረርሽኙ ጊዜ ተገኘ። ጓንዡ ላይ በየዓመቱ በጸደይና በመኸር የሚካሄደው የካንቶን ትርዒት ከ1957 ጀምሮ የቆየ ነው። ቻይና በማርች 2020 ድንበሯን ስትዘጋ ትርዒቱ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። ነጋዴዎች ዳግም በእግራቸው ሊዞሩበት የቻሉት በ2023 ጸደይ ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ዕቃ መምጣቱ አልቀረም። ሸቀጡ በፎቶ ተመረጠ፣ ዋጋው በስልክ ተነገረ፣ ጥራቱን የሚያየው ጓንዡ የሚኖር ወኪል ሆነ። ወኪሉ ኮሚሽኑን ወሰደ። ፎቶው ላይ ወፍራም የነበረው ብርድ ልብስ ኮንቴነሩ ሲከፈት ቀጥኖ ቢገኝ ነጋዴው የሚከሰው ሰው አልነበረውም። የቪዛ እውነተኛ ዋጋ የሚገኘው እዚህ ነው። የማመልከቻው ክፍያ ትንሹ ነው፤ ትልቁ ዕቃውን በእጁ ዳስሶ «ይህን ቀንስልኝ» የማለት ዕድል ማጣት ነው። ልዩነቱን መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ሸማቹ ነው።

ከነጋዴው ሌላ አሁን አዲስ ተጓዥ መጥቷል። ሸቀጥ የለውም፣ ሱቅ የለውም፤ ያለው ላፕቶፕ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ ኩባንያ ፕሮግራም የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚይዝ ወይም ንድፍ የሚሠራ ወጣት ነው። እንዲህ ያሉትን በርቀት የሚሠሩ ሰዎች ለመሳብ አገሮች በውድድር ላይ ናቸው። ኢስቶኒያ በ2020 የተለየ ቪዛ አወጣች። ዱባይም በዚያው ዓመት ተከተለች። ፖርቱጋል በ2022፣ ስፔን በ2023፣ ጃፓን በ2024 የየራሳቸውን አመጡ። ሐሳቡ ለአስተናጋጇ አገር ምቹ ነው። ሰውየው የአገሬውን ሰው ሥራ አይሻማም፣ ደመወዙን ከውጭ ያመጣል፣ ኪራዩንና ምሳውን እዚያ ይከፍላል። ስለዚህ ዋናው የሚጠየቀው የገቢ ማስረጃ ነው። ፖርቱጋል ከራሷ ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ትጠይቃለች፤ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ታያለች። ጃፓን በዓመት 10 ሚሊዮን የን ትጠይቃለች፣ ከስድስት ወር በላይም አታስቀምጥም። የጃፓኑ ለኢትዮጵያዊው ጭራሽ አይደርሰውም፤ ቀድሞውኑ ያለ ቪዛ ለሚገቡና የግብር ስምምነት ላላቸው አገሮች ዜጎች ብቻ የተከፈተ ነው። ያለው ሊጨመርለት ነው መሰል።

ሌሎቹ በወረቀት ላይ ለኢትዮጵያዊው ክፍት ናቸው። ገቢው የሚበቃው ወጣትም በከተማው አይጠፋም። ችግሩ ገቢው የሚታይበት መንገድ ነው። የሥራ ውሉ በኢሜይል የተላከ ሁለት መስመር ነው። ክፍያው አሜሪካ ባለ የአጎት ልጅ ሂሳብ ይገባል፤ የአጎት ልጅ ደግሞ ለእናት በሚላክ ገንዘብ ያቻችለዋል። እዚህ በብር ይደርሰዋል፤ ማንም አልተጎዳም፣ ባንክም አላየም። ወጣቱ ሊዝበን ወይም ታሊን ሄጄ አንድ ዓመት ልሥራ ባለ ጊዜ ግን የሦስት ወርና የስድስት ወር ደመወዝ የገባበትን ሂሳብ አሳይ ይባላል። የሚያሳየው በየጊዜው ከተለያዩ ሰዎች የገባ ትንንሽ ብር ነው። በወር 4 ሺህ ዶላር የሚያገኘው ሰው በወረቀት ሥራ ፈት ነው። መርካቶ ያለው አጎቱ ለገቢዎች ድኃ፣ ለኤምባሲ ሀብታም ነበር፤ እሱ ለሁለቱም ድኃ ሆኖ ተገኘ።

ኢትዮጵያ ራሷ በመስኮቱ ወዲያ ማዶ ተቀምጣ የምትሠራውም ነገር አላት። ኤሌክትሮኒክ ቪዛ እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀምሯል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ትውልደ ኢትዮጵያውያን በቢጫ ካርድ ያለ መግቢያ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲገቡና እንዲሠሩ ፈቅዷል። ከዋሽንግተን መጥታ ቦሌ ተቀምጣ የአሜሪካ ደመወዟን የምትበላ ትውልደ ኢትዮጵያዊት የርቀት ሠራተኛ የሚባለው ስም ሳይወጣ በፊት ሕግ ወጥቶላታል ማለት ነው። ለሌላው የውጭ ዜጋ ግን እንዲህ ያለ በር አልተበጀም። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ካፌ ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ የሚሠራው ፈረንጅ ሥራ ላይ ነው ወይስ ሽርሽር ላይ? ዶላር የሚፈልግ አገር ይህን ጥያቄ በቶሎ ቢመልስ አይከስርም።

አፍሪካን በተመለከተ ጥቂት ማለት ይበቃል። የሰዎች ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ በጃንዋሪ 2018 ነው። ሥራ ላይ ለመዋል የ15 አገሮችን ማጽደቂያ ይሻል። ከዓመታት በኋላም ያጸደቁት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። የነጻ ንግድ ቀጠናው ስምምነት ግን ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሸቀጡ እንዲያልፍ የተፈቀደለት ባለቤቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው።

ታዲያ ነጋዴው ምን ያድርግ? መንግሥታት እስኪስማሙ እጁን አጣጥፎ ከመጠበቅ በፊት በእጁ ያለ ነገር አለ፤ እሱም የንግድ ምክር ቤቱ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ዛሬ ለጠየቀ አባል ሁሉ በአንድ ዓይነት ቃል የሚጻፍ በመሆኑ ቆንስላው ቢያነበውም ባያነበውም ለውጥ የለውም። ምክር ቤቱ ግን የሦስት ዓመት የተመረመረ ሒሳቡን ላሳየ፣ ግብሩንና ባንኩን ላስታረቀ፣ ከዚህ በፊት ሄዶ በጊዜው ለተመለሰ አባል ብቻ ቢጽፍ ጉዳዩ ይለወጣል። የሄደው ሰው ቢቀር ምክር ቤቱ ስሙን መዝግቦ ለኤምባሲው ያሳውቅ፤ ያቀረበውን ማኅበርም ለአንድ ዓመት ደብዳቤ ይከልክል። ዕቁብ በዋስ የሚሰጥበት ከተማ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። ለደብዳቤው የሚሰለፈው ሰው በግማሽ ይቀንስ ይሆናል፤ የሚከፋውም ይበዛል። በመጀመሪያው ዓመት ምክር ቤቱ ከአባላቱ ወቀሳ እንጂ ምስጋና አይጠብቅ።

ወጣቱ የርቀት ሠራተኛም ከአጎት ልጁ ጋር ያለውን ሂሳብ ዘግቶ ክፍያውን በስሙ በተከፈተ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ቢቀበል፣ ግብር መክፈሉ ባይቀርለትም ከስድስት ወር በኋላ የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።

ሒሳብ መዝገብ የሚይዘው ነጋዴ የዓመቱን ሒሳብ ለገቢዎች የሚያቀርብበት የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 ነው። በዚያ ሰሞን በየሒሳብ ሠራተኛው ቢሮ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት እናሳይ?» የሚል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ክላሰሩን ይዞ ሊሰለፍ ያሰበ ሰው መልሱን ከመስጠቱ በፊት ያችኑ ወረቀት የሚያነበውን ሁለተኛውን ሰው ቢያስበው አይከፋም።